የማዶ ሰፈር ስድስት ሰከንዶች

በመጋቢት 2074 ዓ.ም. ከቦርከና ወንዝ ማዶ ባለው ሰፈር 4,212 መራጮች ነበሩ። ከእነዚህ 4,088ቱ «የለየላቸው»፣ 124ቱ «ያልለየላቸው» ይባላሉ። የለየለት ማለት፣ ማን ማንን እንደሚመርጥ የሚተነብየው የዝንባሌ መዝገብ ከመቶ ከዘጠና በላይ ቁጥር የሰጠው ሰው ነው። እንዲህ ያለው ሰው አይሰለፍም፤ ድምፁ አስቀድሞ ይቆጠርለታል። በአንድ ሰፈር ያልለየላቸው ከአራት መቶ ካነሱ የምርጫ ጣቢያ አይከፈትም፤ የእነሱም ድምፅ በጎረቤቶቻቸው ልክ ይደለደላል። በማዶ ሰፈር ጣቢያ ለመጨረሻ ጊዜ የተከፈተው በ2068 ነው።

ውሃ በዘጠኝ ቀን አንድ ጊዜ ይመጣል። የጉድጓዱ ሞተር በ2069 ጥቅምት ላይ ተቃጥሎ እስካሁን አልተተካም። ባለፉት አምስት ዓመታት ሰፈሩን የጎበኘ የፓርቲ እጩ የለም። ከወንዙ ወዲህ ባለው ላይ ሰፈር፣ ያልለየላቸው ከግማሽ በላይ በሆኑበት፣ ውሃ በየቀኑ አለ፤ አስፋልቱ በሦስት ዓመት ሁለት ጊዜ ታድሷል፤ እጩዎች በሳምንት ሦስት ቀን በር ያንኳኳሉ። የላይ ሰፈር ልጆች ማማረርን ከፊደል ጋር ይማራሉ ይባላል።

በአገር ደረጃ የገዢው የማዕዘን ፓርቲ ድጋፍ በአሥራ አራት ወር ውስጥ ከ71 ወደ 58 በመቶ ወርዷል። የምክር ቤቱ ግማሽ ወንበር የሚቀየርበት የአጋማሽ ዘመን ምርጫ ሰኔ 7 ሊካሄድ ተቀጥሯል፤ ጋዜጦቹም ስለ ችቦ ፓርቲ መነሣት ይጽፋሉ። በማዶ ሰፈር ግን የማዕዘን ድጋፍ 97 በመቶ ነው። በሰባት ዓመት ውስጥ ከ96 ወርዶ አያውቅም።

ቅዳሜ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ከየቤቱ በር በላይ የተሰቀለው፣ ጠያቂ የሚባለው መሣሪያ መጠየቅ ይጀምራል። የማዶ ሰፈር ሰው ከዚያ በፊት ተነሥቶ፣ በማንቆርቆሪያ ከቀረው ውሃ ፊቱን ታጥቦ፣ የክት ልብሱን ለብሶ ደጃፍ ላይ ይቆማል። የጠያቂው ድምፅ የሴት ነው፤ የወሎ ለዛ አለው። አዋቂዎቹን በዕድሜያቸው ቅደም ተከተል በስማቸው እየጠራ «እንደምን አደሩ? ኑሮ እንዴት ነው?» ይላል። የተጠራው እንደ ሃይማኖቱ «አልሐምዱሊላህ» ወይም «ተመስገን» ይላል። ለመልሱ በጠያቂው ላይ የበራችው አረንጓዴ መብራት ትጠፋለች፤ ቀጣዩ ይጠራል። ብዙ ቤት ለጠያቂው ወንበር አውጥቶ ያስቀምጣል። ማንም አይቀመጥበትም።

ሽታዬ ይመር የሃምሳ ስምንት ዓመት ሴት ናት። በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው የክር ፍተሻ ክፍል ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርታለች። ሥራዋ ክር ወጥራ እስኪበጠስ ያለውን ሰከንድ መቁጠር ነው። በ2071 ምርጫ ማግስት፣ ቀበሌው በር ላይ በተለጠፈው የምስጋና ዝርዝር ላይ ስሟን አገኘች፦ ሽታዬ ይመር፣ ማዕዘን። በዚያ ዓመት ችቦን ለመምረጥ ወስና ነበር። ዝርዝሩን ሁለት ጊዜ አንብባ ወደ ሥራዋ ሄደች፤ ለማንም አልተናገረችም።

መጋቢት 28 ሰኞ ፈቃድ ወስዳ ቀበሌ ሄደች። የመዝገቡ ሠራተኛ ሙላት ይባላል፤ ማዶ ሰፈር ተወልዶ ያደገ፣ ሠላሳ ያልሞላው ልጅ ነው።

«ዘንድሮ በእጄ መምረጥ እፈልጋለሁ» አለችው።

«እትዬ ሽታዬ፣ እርስዎ እኮ መርጠዋል።»

«መቼ?»

«ቅዳሜ። ባለፈው ቅዳሜም፣ ከዚያ በፊት በነበረውም።»

«ቅዳሜ እንዴት ነሽ ተባልኩ፤ ተመስገን አልኩ።»

«እሱ ነዋ።»

ሙላት የኮምፒውተሩን ማያ አዞረላት። ከስሟ አጠገብ 98.2 ይላል።

«ደስ ያለው ሰው ያለውን ነው የሚመርጠው» አላት። «መዝገቡ የሚያውቀው ይህን ብቻ ነው።»

«እና እኔ ደስ ብሎኛል?»

«ሰባት ዓመት ሙሉ።»

ሽታዬ ቁጥሩን ትንሽ አየችው። «ሙላት፣ እናትህ ያረፈች ዕለት ገብቼ እንዴት ነህ ልጄ ስልህ ምን ነበር ያልከኝ?»

ሙላት ማያውን ወደ ራሱ መለሰ።

«ተመስገን ነው ያልከኝ። ሬሳዋ ገና ከቤት አልወጣም።»

ልጁ የቢሮውን በር አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «መዝገቡ ግንቦት 1 ቀን ቀትር ላይ ይዘጋል። አምስት ቅዳሜ አለ። አራት መቶ ሰው ከዘጠና በታች ከወረደ ጣቢያ መክፈት ግዴታቸው ነው። እኔ ምንም አላልኩም።»

«ምን አልክና» ብላው ወጣች።

ሚያዝያ 3 ቅዳሜ ጠያቂው ስሟን ሲጠራ «ተመስገን፣ ደህና ነኝ፣ እናንተስ ደህና ናችሁ? ግን ውሃ የለንም፤ ሞተሩ ከተቃጠለ አምስት ዓመቱ ነው» አለች። ቀትር ላይ ቀበሌው ሳይዘጋ ሄዳ ቁጥሯን አየች። 98.3 ሆኗል። ከፍ ብሏል።

ሽታዬ ጠዋት መብራቷን ስትቆጥር ነበር። አረንጓዴዋ የበራችው ለስድስት ሰከንድ ነው። ሰላምታው ብቻውን አምስት ሰከንድ ፈጅቷል። ጠያቂው «ግን» ከሚለው በኋላ ያለውን አልሰማም። በማዶ ሰፈር ደግሞ ማንም ሰው ብሶቱን ከ«ግን» በፊት ተናግሮ አያውቅም።

በማግስቱ እሑድ የእድሩ ወርኃዊ ስብሰባ ነበር። የማዶ ሰፈር እድር እስላሙንም ክርስቲያኑንም አብሮ ይቀብራል። ዳኛው ሐጂ እንድሪስ ሙሄ የሰማንያ አንድ ዓመት ሰው ናቸው፤ ለሃያ ሁለት ዓመት መርተውታል። ልዩ ልዩ ጉዳይ ላይ ሲደረስ ሽታዬ ተነሥታ ቀበሌ የሰማችውንና የቆጠረችውን ተናገረች። የሙላትን ስም አላነሣችም።

«ከመጪው ቅዳሜ ጀምሮ» አለች፣ «ስንጠየቅ መጀመሪያ የጎደለንን እንናገር። ምስጋናው ከስድስት ሰከንድ በኋላ ይምጣ።»

ልብስ ሰፊዋ ተዋበች ከኋላ ወንበር «ስድስት ሰከንድ? እኔ የባሌን ብቻ ለማውራት ስድስት ቀን አይበቃኝም» አለች። ሰው ሳቀ፤ ባሏም አብሮ ሳቀ።

ሐጂ አልሳቁም። «ልጄ» አሏት ሽታዬን፣ «ደጃፍሽ መጥቶ እንዴት አደርሽ ያለሽ ላይ ብሶት ታወርጂበታለሽ? ነውር አይደለም?»

«ሐጂ፣ እሱ እኮ ሰው አይደለም።»

«ሰው ሆነ አልሆነ ሰላምታ ሰላምታ ነው። እኔ ጌታዬን የማመሰግነው ስለ ሞላልኝ አይደለም። ለሞተር ብዬ አልሐምዱሊላህን አልተውም።»

«ይተዉት አላልኩም። ትንሽ ቆይተው ይበሉት ነው።»

«ጌታዬን ስድስት ሰከንድ ላስጠብቀው?»

ሐጂ እድሩ በዚህ ነገር እንደማይገባ፣ የፈለገ ግን በራሱ ማድረግ እንደሚችል ተናግረው ስብሰባውን ዘጉ።

የፈለጉት ከሰዓት በኋላ ተዋበች ልብስ መስፊያ ቤት ተሰበሰቡ፤ አርባ ስድስት ነበሩ። ሽታዬ የፋብሪካውን ሰዓት መቁጠሪያ ይዛ በጠያቂው ቦታ በሩ ላይ ቆመች። በማዶ ሰፈር የማማረር ልምምድ ሲደረግ ይህ የመጀመሪያው ነው፤ ልምምዱም ጥሩ አልሄደም።

«እንደምን አደሩ? ኑሮ እንዴት ነው?» አለች የቀድሞውን የዳቦ ቤት ሠራተኛ አቶ አደምን።

«እ… እንግዲህ ያው… ምን ይባላል…»

«አራት ሰከንድ።»

«አልሐምዱሊላህ» አለና አፉን በእጁ ያዘ።

አንዲት ሴት «ውሃ የለም፣ ለሱም ተመስገን» አለች። ሌላው ውሃ እንደሌለ በትክክል ከተናገረ በኋላ ሽታዬን ይቅርታ ጠየቃት። ተዋበች ስትጠራ ከመርፌዋ ቀና ሳትል «ውሃ የለም፣ ኮረኮንቹ ጫማ ጨረሰ፣ ቃል የገባችሁት ሁሉ ውሸት ነው» አለች።

«አራት ሰከንድ።»

«የተረፈኝን ሁለቱን ለአቶ አደም ስጪልኝ።»

ነገሩ ከቤት ወደ ቤት ተዛምቶ ሚያዝያ 10 ቀን ያልለየላቸው ከ124 ወደ 171 ወጡ። ሚያዝያ 17 ቀን 268 ሆኑ። የሁሉም ቁጥር እኩል አይወርድም፤ 91 ላይ የነበረ በአንድ ቅዳሜ ከዘጠና ይወርዳል፣ እንደ ሽታዬ 98 ላይ የነበረ ሦስት ቅዳሜ ይፈጅበታል። አስቸጋሪው መናገሩ ብቻ አልነበረም። አቶ አደም በሁለተኛው ቅዳሜ ብሶቱን ሳይደናቀፍ ከተናገረ በኋላ ቤት ገብቶ መቀመጥ አቃተው። ተመልሶ ወጥቶ ጠያቂውን «አትቀየሚኝ እህቴ፣ ደህና ነን» አለው። መብራቷ እንደገና በርታ ነበር። ቁጥሩ በሁለት ነጥብ ወጣ።

«ምን አስወጣህ?» አለችው ሽታዬ።

«ድምጿ የአክስቴን ልጅ ይመስላል» አላት።

ሚያዝያ 24 ቀን 377 ሆኑ። የሽታዬ ቁጥር 89.4 ነበር። የቀረው አንድ ቅዳሜ ነው፤ የጎደለው ሃያ ሦስት ሰው። ካልሞላ የ377ቱ ድምፅ፣ የእሷም ጭምር፣ በጎረቤቶቻቸው ልክ ተደልድሎ ለማዕዘን ይገባል።

ሚያዝያ 28 ረቡዕ ረፋድ ላይ አምስት የውሃ ቦቴዎች ድልድዩን ተሻግረው መጡ። ከፊተኛው የማዕዘን እጩ አቶ ሱራፌል ወረደ፤ አርባ ዓመት የማይሞላው፣ ትሑት፣ የሰው ስም የማይረሳ ሰው ነው። ሰዉ ጀሪካኑን ይዞ ወጣ። ሽታዬ በምሳ ሰዓቷ ከፋብሪካ መጥታ ከግንብ አጥሩ ሥር ቆመች። ውሃ ቀድተው ሲመለሱ «እግዜር ይስጥልን» ወይም «አላህ ይስጥልን» ያሉትን ቆጠረች። ከሁለት መቶ ሲያልፉ መቁጠሯን ተወች። የራሷን ጀሪካን ሞልታ፣ ምንም ሳትል፣ ወደ ቤቷ ወሰደች።

አቶ ሱራፌል ከዚያ ወደ ሐጂ እንድሪስ ቤት አመራ። ሽታዬም ቤቷ ከእሳቸው ቀጥሎ ስለሆነ ከደጇ ሆና ሁሉንም ሰማች። ሐጂ በረንዳቸው ላይ አስቀመጡት። እጩው በመስታወት የተለበጠ የምስክር ወረቀት ከቦርሳው አውጥቶ በሁለት እጁ ሰጣቸው።

ሐጂ መነጽራቸውን አድርገው አነበቡት። «ለሦስት መቶ ስልሳ አራት ምስጋና ይላል። ምንድን ነው ልጄ?»

«ሐጂ፣ ጠያቂው ከተተከለ ጀምሮ አንድ ቅዳሜ እንኳ አላጓደሉም። ሰባት ዓመት ሙሉ፣ ሦስት መቶ ስልሳ አራት ጊዜ አመስግነውናል። በከተማው ከእርስዎ የሚበልጥ የለም። 99.6 ነዎት።»

«ማንን ነው ያመሰገንኩት?»

«ያው እኛን። ፓርቲውን።»

«እኔ?»

«ድምፅዎ አለ። ላሰማዎት?»

መልስ ሳይጠብቅ ስልኩን ነካ። የሐጂ ድምፅ «አልሐምዱሊላህ» አለ። ቀጥሎ ሌላ ቅዳሜ መጣ፣ ቀጥሎም ሌላ። አንዱ በሳል የተቆራረጠ ነበር፤ በ2070 የሳንባ ሕመም ይዟቸው የከረሙ ጊዜ ነው። ቀጥሎ ያለው ቀስ ያለና ለመስማት የሚያስቸግር ነበር። ሐጂ ያንን አወቁት። ባለቤታቸውን ዘሀራን በቀበሩ በሦስተኛው ቀን የተናገሩት ነው።

«ዝጋው» አሉት።

ዘጋው። ሐጂ የምስክር ወረቀቱን መስታወት በጋቢያቸው ጫፍ ጠርገው መለሱለት። «ይህን ይዘህ ሂድ። የሰው ዕቃ ነው።»

«የእርስዎ እኮ ነው ሐጂ።»

«የእኔም አይደለም፣ የአንተም አይደለም። የማን እንደሆነ ብታውቅ ኖሮ እጅህን አታሳርፍበትም ነበር።»

አቶ ሱራፌል ነገሩ አልገባውም፤ ዕድሜ ነው ብሎ ሳይሆን አይቀርም እጃቸውን ስሞ ወጣ። ሐጂ ሽታዬን በአጥሩ በኩል አዩዋት።

«ስትሰሚ ነበር?»

«አዎ፣ ሐጂ።»

«ስንት ሰው ጎደለሽ?»

«ከዛሬው ውሃ በፊት ሃያ ሦስት። አሁን አላውቅም።»

ሚያዝያ 30 ዓርብ አሥር ሰዓት ላይ የእድሩ ጥሩንባ ተነፋ። ጥሩንባው የሚነፋው ለሞት ብቻ ነው፤ ሰው ሥራውን ጥሎ፣ ነጠላውን አዘቅዝቆ «ማን ነው? ማን አረፈ?» እያለ ወደ እድሩ ቤት ተሰበሰበ። ሐጂ በደረጃው ላይ ቆመው ነበር።

«ማንም አልሞተም» አሉ። «ነጠላችሁን አስተካክሉ።»

ሰዉ ነጠላውን ሲያስተካክል ቀጠሉ። «ከአራት ሳምንት በፊት ሽታዬን ነውር ነው ብያት ነበር። ነውሩ የሌላ ሆኖ ተገኘ። እኔ ለጌታዬ ያልኩትን ሰባት ዓመት ሙሉ ለራሳቸው ሲጽፉት ኖረዋል። ዘሀራን የቀበርኩ ሳምንት ያልኩትን ጭምር። የእናንተንም እንዲሁ።»

«እና ምን እንበል ሐጂ?» አለ አቶ አደም።

«ጌታችሁን አታስጠብቁት፤ አስቀድሙት። ነገ ከአንድ ሰዓት በፊት፣ እቤታችሁ ውስጥ፣ በራችሁን ዘግታችሁ ምስጋናችሁን ጨርሱ። ስትወጡ ደጃፍ ላይ የሚቀራችሁ የጎደለው ብቻ ይሁን።»

«ውሃቸውን ግን ጠጥተናል» አለች አንዲት ሴት።

«ጠጡ። ውሃ ነው።»

ተዋበች ከወደ ጎን ሆና «አቶ አደም፣ አንተ ደግሞ ከተናገርክ በኋላ ከውጭ እንቆልፍብሃለን» አለች። ዛቻዋን አልዘነጋችውም፤ በማግስቱ የአቶ አደም በር በእውነት ከውጭ ተቆልፎ እስከ ሁለት ሰዓት ቆየ።

ግንቦት 1 ቅዳሜ ጠዋት ከአሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል እስከ አንድ ሰዓት የማዶ ሰፈር በሮች በሙሉ ተዘግተው ነበር። አንድ ሰዓት ላይ ተከፈቱ። ወንበር ያወጡት ጥቂቶች ናቸው። ሐጂ እንድሪስ ስማቸው ሲጠራ «ውሃ መጣ። አምስት ዓመት ዘግይቶ መጣ። ዳግመኛ በምስጋናዬ አትነግዱ» አሉ። ሽታዬ ከአጥሩ ማዶ ቆጠረችላቸው፤ አምስት ሰከንድ ተኩል ፈጀባቸው። ከዚያ የእሷ ተራ ደረሰ። «ድምፄን እፈልገዋለሁ» አለች፤ ሁለት ሰከንድ።

ቀትር ላይ መዝገቡ ተዘጋ። ሙላት ቁጥሩን በቀበሌው በር ላይ ሲለጥፍ ስድሳ ያህል ሰው ይጠብቀው ነበር። ያልለየላቸው፦ 1,306።

ከሁሉ ኋላ ሐጂ ቀርበው የራሳቸውን ጠየቁ።

«96.1» አላቸው ሙላት። «በአንድ ቀን ሦስት ነጥብ ተኩል የወረደ ሰው በከተማው ታሪክ የለም። ግን ሐጂ… ሁለት ቅዳሜ ቀደም ብለው ቢሆን ኖሮ…»

«ድምፄ ለነሱ ነው ማለት ነው።»

«አዎ።»

«ሽታዬስ?»

«86 ገብታለች። ትመርጣለች።»

ሐጂ ወደ ሽታዬ ዞር አሉ። እሷ አቀርቅራ ነበር። «ቀና በይ» አሏት። «የዘገየሁት እኔ ነኝ።»

ሰኔ 7 እሑድ የምርጫ ጣቢያው በሰፈሩ ትምህርት ቤት ተከፈተ። ጠረጴዛዎቹ የሕፃናት ስለነበሩ አስመራጮቹ ጉልበታቸውን ወደ ጎን አድርገው ነው የተቀመጡት። ሽታዬ ዘጠነኛ ነበረች። ከመጋረጃው ኋላ ብዙ ስለቆየች አንዱ ታዛቢ «እናት፣ ወረፋ አለ» አላት።

«ስድስት ዓመት ጠብቄያለሁ» አለች ከውስጥ። «አንተም አራት ደቂቃ ጠብቅ።»

ሐጂ እንድሪስም ነጭ ለብሰው፣ ምርኩዛቸውን ይዘው ተሰለፉ። ቦታ እንልቀቅልዎ ሲባሉ እምቢ ብለው በወረፋቸው አራት ሰዓት ከአርባ ላይ ጠረጴዛው ዘንድ ደረሱ። አስመራጩ ስማቸውን ፈልጎ ድምፃቸው አስቀድሞ መቆጠሩን ነገራቸው።

«አውቃለሁ» አሉ። «አቤቱታ የሚጻፍበት ወረቀት አለህ?»

«አለ። ግን ሐጂ፣ ውጤቱን አይለውጠውም።»

«ውጤቱን ለውጥልኝ አላልኩህም። እንድሪስ ሙሄ አልመረጠም ብለህ ጻፍ።»

አስመራጩ ጻፈ፤ ሐጂ ፈረሙ። ከኋላቸው የለየላቸው ሌሎች ቆመው ነበር። ጣቢያው እስኪዘጋ 611 የለየላቸው ሰዎች ወረፋ ይዘው፣ አልመረጥንም ብለው አስጽፈው፣ ፈርመው ሄደዋል። ወረቀቱ ስላለቀ የመጨረሻዎቹ ሰባ የጻፉት ከተማሪ ደብተር በተቀደደ ገጽ ላይ ነው።

ከ1,306ቱ 1,291 ሰዎች ድምፅ ሰጡ። ችቦ 861፣ ማዕዘን 402፣ የተበላሸ 28። አስቀድሞ የተቆጠረው 2,906 ድምፅ በሙሉ የማዕዘን ሆኖ ተደመረ፤ በማዶ ሰፈር ማዕዘን 3,308 ለ861 አሸነፈ ተብሎ ተለጠፈ። የምስጋና ዝርዝሩም ከሥሩ ተለጠፈ። ከአንድ ቀን በላይ አልቆየም።

ሰኔ 13 ቅዳሜ አንድ ሰዓት ላይ ጠያቂው እንደ ወትሮው ጠየቀ። ከ2,906ቱ የለየላቸው ውስጥ በስድስቱ ሰከንድ ያመሰገኑት 41 ናቸው።